አባቴ አበበ ነው፣ «አበ» አይደለም!

ሁለት ቀን! ሁለት ቀን ሙሉ አራት ኪሎ ካፌ ተጎልቼ፣ ማኪያቶ በማኪያቶ ላይ እየደረብኩ፣ ያስተካከልኩት አንድ መስመር ኮድ ነው። አስተናጋጇ ቻርጀሬን ስሰካ ማየት ሰልችቷት ሶኬቱ ያለበትን ወንበር ለሌላ ሰው መስጠት ጀምራለች። ቤት ደግሞ መብራት የለም። የመብራቱን ነገር ተዉት።

ያ ኦፕን ሶርስ ነው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው እያልኩ በየሄድኩበት የማወድሰው የኢሜይል ማንበቢያ የአባቴን ስም እየበላ ነው። ኮንፊግ ፋይሉ (የፕሮግራሙ ምርጫዎች የሚሞሉበት ፋይል) ላይ ስሜን በአማርኛ ሞላሁ። ሰው ጋ ሲደርስ «አበ» እና አንድ የጥያቄ ምልክት! አለቃዬ «አበ ማነው?» አለችኝ።

ኮዱን ከፍቼ ሳየው ጉድ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጣቸው መዝገብ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድ ፋይል ላይ በሚጻፍበት በዩቲኤፍ 8 አንዱ ፊደላችን 3 ባይት፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ያሉ ሦስት ቁጥሮች፣ ይይዛል። «በ» ማለት 225፣ 137፣ 160 ነው። ይሄ ጉደኛ ፋይሉን ሲያነብ ከመስመሩ ጫፍ ባዶ ቦታ ይጠርጋል። በድሮው የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ኮድ፣ በላቲን 1 ደግሞ 160 ባዶ ቦታ ነው። በቃ፣ የ«በ»ን ሦስተኛ ባይት እንደ ቆሻሻ ጠርጎ ይጥላታል። «አ»ም፣ «ሠ»ም፣ «ጠ»ም መጨረሻ ላይ ከተገኙ ዕጣቸው ያው ነው። በ160 የማያልቀው ጫላ ግን ምንም አይሆንም። ጫላ ታድሎ!

ፓቹን (የኮድ ማስተካከያዬን) ለፕሮግራሙ ኃላፊ ስልክለት ሁለት መሞከሪያ አያይዤ ነበር፤ «አበበ በሶ በላ» እና «ጫላ ጩቤ ጨበጠ»። ሰውዬው የመጀመሪያዋን ብቻ ነካ አድርጎ፦

«እኔ ጋ ይሠራል።»

«ሁለተኛውን ሞክረው፤ መጨረሻው ጠ ነው» አልኩት።

ስድስት ሰዓት ጭጭ። ከዚያ፦

«ስሙን ጥቅስ ውስጥ አስገባው።»

ጥቅስ! የሱ አባት ያለ ጥቅስ ያልፋል፣ የኔ አባት በጥቅስ ታጅቦ ይግባ?

«ካልሆነም በላቲን ፊደል ጻፈው። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

እኔ ምን አልኩ? «ስለ ጊዜህ አመሰግናለሁ።» አመሰግናለሁ!! ጥርሴን ነክሼ። የሚባለው ሁሉ የመጣልኝ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ነው።

ይሄ ስም ሲጀመርም አልታደለም። አምና አንድ መሥሪያ ቤት «አበባ» ብለው ጻፉትና ለማስቀየር ሦስት ቀን ተመላለስኩ። «አባትህ ሴት ናቸው እንዴ?» ብሎ ወረፋውን ሁሉ ያሳቀብኝ የመስኮቱ ሰውዬ እስካሁን በህልሜ ይመጣል። እሱ እንኳን ያበላሸው አንድ ፊደል ነው። ይሄኛው የፊደል ሲሶ!

መፍትሔው ደግሞ ቀላል ነው። 32ን እና 9ን ጥረግ፣ 160ን አትንካ። ስፔስና ታብ፣ አለቀ። አንድ መስመር። እስካሁን አልተቀበለውም።

ቅድም የዳታ ፓኬጄ ሊያልቅ ሲል ከሰውዬው ሌላ መልስ መጣ። ከፈትኩት።

«ሰላም አበ» ይላል።