ከካርድ በፊት ኢሲጂ

ደረቱን ይዞ ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው የልብ ጥቃት (የልብ ደም ሥር መዘጋት) ደርሶበት ሊሆን ስለሚችል፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚመዘግብ ምርመራ) ተሠርቶለት ውጤቱን ሐኪም ማየት አለበት። የአሜሪካም የአውሮፓም የልብ ሕክምና መመሪያዎች የሚሉት ይህንኑ ነው። እኛ ጋ እነዚህ ደቂቃዎች ብዙ ጊዜ የሚያልቁት ካርድ ክፍልና ክፍያ መስኮት ላይ ነው። የልብ ደም ሥር ተዘግቶ በቆየ ቁጥር የልብ ጡንቻ ይሞታል፤ የሞተው ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ የኢሲጂው ማሽን ትሪያጅ ክፍል (ሕመምተኞች እንደ አጣዳፊነታቸው የሚለዩበት) ይቀመጥ፤ ነርሷ የሐኪም ትእዛዝ ሳትጠብቅ ትሥራ፤ ካርዱ ኋላ ይወጣል።

ሌላው የመዘግየት ምክንያት የልብ ሕመሙን ጨጓራ ነው ብሎ መሳሳት ነው። የልብ የታችኛው ግድግዳ ሲጎዳ ሕመሙ ከእምብርት በላይ ሊሰማ፣ ማቅለሽለሽም ሊኖር ይችላል። ያኔ የጨጓራ መድኃኒቱ ኦሜፕራዞል ታዞለት ወደ ቤቱ የሚመለስ አለ። የስኳር ሕመምተኞች፣ አረጋውያንና ሴቶች ደግሞ ደረታቸውን ሳያማቸው በትንፋሽ ማጠርና በላብ ብቻ ሊመጡ ይችላሉ። ለእነዚህም ኢሲጂ ይሠራ። የመጀመሪያው ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ካልተወ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ይደገም።

ኢሲጂው ላይ የኤስቲ ከፍታ (የደም ሥር መዘጋትን የሚጠቁም የመስመሩ ክፍል ከፍ ማለት) በግልጽ ከታየ የትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) ውጤት መጠበቅ ስሕተት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትሮፖኒን ገና ላይጨምር ይችላል። 300 ሚሊግራም አስፒሪን ይታኘክና ደም ሥሩን ወደ መክፈት ይኬድ።

በካቴተር (ደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) መክፈት ከሁሉ ይሻላል፤ ግን ምርመራው ከታወቀ በ120 ደቂቃ ውስጥ መድረስ ከተቻለ ነው። አገልግሎቱ በአብዛኛው ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ ደሴ ወይም ጎባ ላለ ሕመምተኛ ይህ አይሆንም። ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካላለፈው፣ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት እዚያው በ30 ደቂቃ ውስጥ ይጀመርለት፤ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዓታት ነው። መድኃኒቱ ስትሬፕቶኪናዝ ከሆነ 1.5 ሚሊዮን ዩኒት በ30 እስከ 60 ደቂቃ በግሉኮስ ይሰጣል፤ ግፊት ከወረደ ፍጥነቱ ይቀነሳል። አስቀድሞ የአንጎል ደም መፍሰስ፣ የቅርብ ጊዜ ስትሮክ፣ አሁን የሚደማ ቦታ መኖሩ ይጠየቅ። መድኃኒቱ ድንገተኛ ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ከሌለ ግን ቤተሰብ ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር ጊዜው ያልፋል።

ሪፈራሉም መድኃኒቱ እንደተጀመረ ይጻፍ፤ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ በኋላ ኢሲጂ ተደግሞ የኤስቲው ከፍታ በግማሽ እንኳ ካልወረደ፣ ደም ሥሩ አልተከፈተምና ሕመምተኛው ሳይውል ሳያድር ካቴተር ወዳለበት መሄድ አለበት።