«አልቆባታል» የተባለችው ዶሮ

አምና ለገና ሦስት ዶሮ ገዛሁ። ከቢሾፍቱ በአይሱዙ ተጭነው የመጡ፣ መንገድ ዳር የሚሸጡ ቡናማ የፈረንጅ ዶሮዎች። አንዷ ለበዓሉ ታረደች። ሁለቱን ለማግስቱ ብለን ጓሮ አሰርናቸው፣ ሲነጋ ግን አንዷ እንቁላል ጥላ አገኘናት። ባለቤቴ «የምትጥል ዶሮ አላሳርድም» አለች። በዚያው ቀሩ።

ይኸው ዓመቴ፣ የበዓል ዶሮ የምትገዙ ሁሉ ጓሮ ካላችሁ አንድ ሁለት አስቀሩ እላለሁ። እነዚህ ዶሮዎች እኮ ታመው አይደለም የሚሸጡት። እርባታው ከአምስት ወራቸው ገደማ ጀምሮ ያስጥላቸዋል፤ በደህና ጊዜያቸው ከመቶው 90 ያህሉ በየቀኑ ይጥላሉ። ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላቸው እንቁላሉ ይቀንሳል፣ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ መኖው ግን ያው ነው። ስለዚህ ቤቱ ይጸዳና አዲስ ቄብ ይገባበታል፣ አሮጌዎቹ «አልቆባቸዋል» ተብለው ገበያ ይወጣሉ። አምስት ሺህ ዶሮ ለሚቀልብ ሰው ሒሳቡ ልክ ነው፣ አልፈርድበትም። ለእኔ ግን በሳምንት አራት የምትጥል ዶሮ ምኑ ነው ያለቀባት? የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ60 ብዙም አታልፍ!

መጀመሪያ ላይ ያሳዝኑ ነበር። ደረታቸው ተመልጧል፣ የምንቃራቸው ጫፍ ተቆርጧል፣ መሬት መጫር እንኳ አያውቁም። ቆጥ ብሠራላቸው ጥግ ላይ ተለጣጥፈው አደሩ። በአምስተኛው ቀን አንዷ በጎኗ ተጋድማ እግሯን ስታንፈራግጥ አየኋትና፣ ሳትሞት ልድረስባት ብዬ ቢላ ይዤ ሮጥኩ። ለካ አቧራ እየታጠበች ነው። ብድግ አለችና ተራግፋ፣ አቧራዋን ፊቴ ላይ በትናብኝ ሄደች።

ትርፍ አለው ብዬ አልዋሽም። በቆሎ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ እየገዛችሁ ከሱቅ እንቁላል ብዙም አይረክስም፤ ያደረ እንጀራና የጎመን ቅጠል ትንሽ ያግዛል። በዚያ ላይ በጾም የሚበላው ስለሌለ እንቁላሉ ይከማቻል፣ ለጎረቤት ነው የምንሸጠው። ቅርፊቱን አድርቃችሁ፣ በደንብ አድቅቃችሁ መልሱላቸው። ሳይደቅ ከሰጣችኋቸው የራሳቸውን እንቁላል መስበር ይለምዳሉ።

የምፈራው ፈንግልን ነው። አንዴ ከገባ ጓሮውን ባዶ ያስቀረዋል። ቤታችሁ ዶሮ ካለ ከገበያ የመጣችውን ሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆዩ፣ አስከትቡም። ክትባቱ እዚያው ቢሾፍቱ ይመረታል፣ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ከጎረቤት ጋር ማዋጣት ይሻላል። ማታ ማታ ደግሞ በሩን በደንብ ዝጉ፣ ሸለምጥማጥ አዲስ አበባ የለም ያላችሁ ሰው ዶሮ አርብቶ አያውቅም።

ክረምት ላይ ሁለቱም ላባቸውን አራገፉና መጣል አቆሙ። እናቴ በመጣች ቁጥር «ምን ትጠብቃላችሁ?» ትላለች። ሁለት ወር ያህል በነጻ ቀለብኳቸው። አዲስ ላባ አወጡ፣ ጥቅምት ላይ እንደገና ጀመሩ።

ዘንድሮ ለገና ሌላ ዶሮ ገዛን። አሳድረናት እንቁላል ብትጥልብን ነገር ይበላሻል ብለን፣ እንደገባች አረድናት።