«አንተ ጻፈውና አምጣው፤ እኔ እፈርማለሁ»

በስታትስቲክስ ለዶክትሬት ትምህርት የሚያመለክት ሰው ወገቡን የሚቆርጠው የእንግሊዝኛ ፈተናው ሳይሆን የድጋፍ ደብዳቤው መሆኑን ደሴ ተቀምጦ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ደብዳቤው የሚገባበት ሊንክ የሚላከው በቀጥታ ለመምህሩ ኢሜይል ሲሆን አመልካቹ ደብዳቤውን እንዳያየው ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የተፈለገው የመምህሩ የራሱ ምስክርነት ነውና።

እኔ ግን የማስተርስ ጽሑፌን ያማከሩኝን ፕሮፌሰር ፍለጋ ከደሴ ተሳፍሬ፣ ሀረጎን ወርጄ፣ ኮምቦልቻ ድረስ ሄጄ፣ እጅ ነስቼ ጉዳዬን ማስረዳት ስጀምር «ችግር የለም፤ አንተ ጻፈውና አምጣው፤ እኔ እፈርማለሁ» ተባልኩ። ሰው ስለ ራሱ «ካስተማርኳቸው ሁሉ የላቀ ነው» ብሎ እንዴት ይጽፋል? ሦስቱም መምህራን እንዲህ ካሉ ደግሞ ሦስቱም ደብዳቤዎች በአንድ ሰው ቋንቋ የተጻፉ ይሆናሉ፤ ይህንን ፈረንጁ አያውቅም ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ለቲዎሪው ትምህርት ብቁ መሆኔን፣ ሪል አናሊሲስ (የካልኩለስ ንድፈ ሐሳባዊ መሠረት) እና የሒሳብ ማረጋገጫ መሥራት እንደማይከብደኝ፣ ከውጤቴ ባሻገር ሊመሰክር የሚችለው የሚያውቀኝ መምህር ብቻ ነበር።

ይባስ ብሎ ቅጹ ላይ ተማሪው በብቃቱ ከላይ ከመቶ አንዱ፣ አምስቱ ወይስ አሥሩ ውስጥ እንደሚመደብ የሚጠይቅ ሰንጠረዥ አለ፤ የኛ ሰው ለጠየቀው ሁሉ «ከመቶ አንዱ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። ሠላሳ ተማሪ ካለበት ክፍል ከመቶ አንዱ ማለት የአንድ ሰው ሲሶ እንኳ አይሞላም። ይህንን የሚያደርገው የታሪክ መምህር ቢሆን ባልገረመኝ፤ የስታትስቲክስ ፕሮፌሰር ነው እንጂ!

ሥራ እንደሚበዛባቸው አልክድም። የማስተማር ጫናው ከባድ ነው፣ አማካሪነቱም አለ፣ ለማዕረግ ዕድገት የሚቆጠረው ደግሞ የታተመ ጽሑፍ እንጂ ለተማሪ የተጻፈ ደብዳቤ አይደለም። ነገር ግን የጤናውም የግብርናውም የማስተርስ ተማሪ ዳታውን በፍላሽ ይዞ «ፒ ቫልዩው ከ0.05 በላይ ሆነብኝ» (ውጤቴ በስታትስቲክስ መለኪያ ጉልህ አልሆነም ማለቱ ነው) እያለ ወደነሱ ሲመጣ፣ ክፍያ ስላለው ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ጊዜ ሲገኝ ዓይቻለሁ።

ጽፌ ከወሰድኩ በኋላም ነገሩ አላበቃም። ደብዳቤውን አትመው፣ ማኅተም አስመትተው፣ በፖስታ አሽገው ሰጡኝ! መላክ ያለበት በሊንኩ መሆኑን ሳስረዳ «ኢሜይሉ አልደረሰኝም» አሉ፤ ስፓም ውስጥ ተገኘ። ቀጥሎ ኔትወርክ የለም ተባለ፤ ከዚያ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ሰኞ። መጀመሪያውኑ «አይመቸኝም» ቢሉኝ ኖሮ በጥቅምት ሌላ መምህር እጠይቅ ነበር። አሁን ታኅሣሥ ነው፤ ማመልከቻው የሚዘጋው በዚህ ሳምንት ነው፤ ስልካቸውም አይነሣም።