ባለቤቱን ካልናቁ

ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤቴን እትዬን ቤተ ክርስቲያን ላደርሳቸው መኪና ውስጥ አስገባኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ሳይጨርሱ ጆሯቸውን አቆሙ።

«ይቺ መኪናህ ቋ ቋ ትላለች።»

«አዎ እትዬ፣ ሰምቻታለሁ።»

«ከፊት ጎማው ወገን ነው።»

«እሱም ነው።»

«ቶሎ አሳያት። የእህቴ ልጅ መኪና እንዲህ ስትል ስትል ነው ሞተሯ የወረደው።»

ጎማ ጋ የሚንኳኳ ነገር ሞተር እንዴት እንደሚያወርድ አልጠየቅኩም። እትዬ መንጃ ፈቃድ የላቸውም። ለምርመራ ግን ፈቃድ የጠየቀ ማን አለ?

በዚያ ሳምንት አምስተኛዋ መርማሪ ነበሩ። የቢሮ ባልደረባዬ «ጎማህ ነፋስ በዝቶበት ነው» ብሏል። አማቼ «ፍሬን ነው» ብለዋል፤ ያውም በስልክ ሰምተው። መኪና የሚጠብቀው ልጅ ደግሞ ኮፈኖውን መታ መታ አድርጎ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

አመሉ መኪና ላይ ብቻ ቢቆም ጥሩ ነበር። ሰው ፊት አንዴ ካሳልክ አለቀልህ። አንዱ ፌጦ ያዛል፣ አንዱ ዝንጅብል በማር፣ አንዷ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ልትጨምቅብህ ትሮጣለች። ሐኪም ቤት ሄጃለሁ ብትል «እነሱ ምን ያውቃሉ» ትባላለህ። አገሩ ሁሉ ሐኪም፣ ሁሉ መካኒክ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሁሉ የአርሴናል አሠልጣኝ።

የምወደው ተረት አለ፦ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ»። እኛ የኮንዶሚኒየም ሰዎች አጥር የለንም። ስለዚህ የሚነቀነቀው መኪናችን ነው። የመጣ ሁሉ የፊት መከላከያዋን በጉልበቱ ይጫናታል። ትወዛወዛለች። «አየህ?» ይላል። ምኑን ነው የማየው?

እውነቱን ልናገር፤ ይቺ መኪና ጤነኛ የነበረችበትን የመጨረሻ ቀን አውቀዋለሁ። የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነው። ለሚዜዎች ብሎ ዓርብ ወሰዳት፤ ሰኞ ታጥባና ተወልውላ መለሳት። ያ ሰው በሕይወቱ የራሱን ብርጭቆ አጥቦ አያውቅም። መኪናዬን ለምን አጠባት? ስድስት ዓመት ሆነው፤ የመጀመሪያ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል። እኔ ግን ጥያቄዬን አልተውኩም። የልጁ ክርስትና ላይ እንኳ ጠይቄዋለሁ። «መንገዱ እኮ…» ብሎ ጀመረ። ሳይጨርስ ጠጅ መጣ።

ሸጬ ሌላ እንዳልገዛ ደግሞ አይታሰብም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና በሚያስገባ ሰው ላይ ግብሩን ከመረበት። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ጭራሽ አይግባ ተባለ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ኮሮላ እንደ ርስት ነው። ቋ ቢልም ለልጅ ይወረሳል።

ስለዚህ ጋራዥ ገባሁ። ጋራዥ ውስጥ ጣሊያንኛ ይጠብቅሃል። አያቶቻችን በ1928 የገባውን ጣሊያን በ1933 ከአገር አስወጡት፤ ከመኪና ሥር ግን ማንም አላስወጣውም። አሞርዛተር፣ ቴስቲና፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚኒ፣ ካቻቪቴ። አምስት ዓመት ቆይቶ ይህን ያህል ዕቃ ጥሎ የሄደ እንግዳ አላውቅም።

የመጀመሪያው መካኒክ ክሪክ እንኳ አላስገባም። ቆሞ ሰማና «አሞርዛተር ነው» አለ፤ ንዝረት የሚያበርደውን ማለቱ ነው። የፊቱን ሁለቱንም ቀየርን። ቋ። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይላመዳል» አለኝ። ብረት ከማን ጋር ነው የሚላመደው? ሁለተኛው «ቴስቲና» አለ፤ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን። ቀየርን፣ አላይመንት ተሠራ። ቋ። ሶማሌ ተራ ከመመላለሴ የተነሣ ዕቃ የሚሸጡት ልጆች በስሜ ይጠሩኝ ጀመር።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተው። የተበላው ጎማውን የሚይዘው መገጣጠሚያ፣ ቦል ጆይንት፣ ቢሆን ኖሮ ጎማው አንድ ቀን በሩጫ ላይ ይታጠፍ ነበር፤ ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠው። መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ፣ ጎማውን ላይና ታች፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ይዞ መነቅነቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ያችን ሳይሠራ «ነው» የሚል ሰው ያናድደኛል። «ሊሆን ይችላል» ማለት ምን ያስነውራል? እሱ ሲሳሳት እኮ የምከፍለው እኔ ነኝ። ያወጣሁትን ብር ይመልስልኛል? ሻይ እንኳ አልጋበዘኝም!

የገላገለኝ አንድ ዝምተኛ ረዳት ነው። ሦስተኛው ጋራዥ ውስጥ ጎማ ሲያጥብ ነው ያገኘሁት።

«ጋሼ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ትጮኻለች?»

አሰብኩ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ሲወጡ ድምፅ የላትም።

«ኮብልስቶን ላይስ?»

እዚያማ ከበሮ ናት።

ስንት ሰው አይቷት፣ አንድ እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ልጁ «አንዱ ጎማ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ከሆነ የስታቢላይዘር ሊንክ ሳይሆን አይቀርም» አለ። ሳይሆን አይቀርም! አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ስታቢላይዘር ግራና ቀኙን አያይዞ መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳትጋደል የሚይዝ ብረት ነው። ሊንኩ ያን ብረት ከጎማው ወገን ጋር የሚያገናኝ አጭር ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ኳስ ሲበላ ክፍተት ያገኝና ይንቋቋል። ልጁ የገዛ ግምቱንም አላመነም። ሁለቱንም ሊንኮች ፈታና «ኮብልስቶኑን ቀስ ብለው ዞረው ይምጡ» አለኝ። ዞርኩ። ጸጥ። ለካ ራዲዮዬ ይሠራል።

የተተኩት ሁለት አዲስ ሊንኮች ተደምረው የአንዱን አሞርዛተር ዋጋ አላወጡም። የአጎቴን ልጅ ይቅርታ ልጠይቀው ይሆን? አልጠይቀውም። ለምን አጠባት?

ስለ እትዬ ነበር የጀመርኩት። ትናንት የነዳጅ ሰልፉ ሰልችቶኝ መኪናዋን አቁሜ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጋቢና ነው የደረሰኝ። ትንሽ እንደሄድን፣ ቋ ቋ። ራሴን ያዝኩ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ቋ። አልቻልኩም።

«ወንድም» አልኩት ሾፌሩን ጠጋ ብዬ፣ «የስታቢላይዘር ሊንክ ነው። ቶሎ አሳያት።»

ሾፌሩ ዞር ብሎም አላየኝ። ረዳቱ ከኋላ እጁን በትከሻዬ ላይ ዘረጋ።

«በሩ ነው ጋሼ። ሂሳብ።»