አገጭ ወደ ጎን ሲሄድ ብሬስ ለማሰር አንቸኩል

አገጩ ወደ አንድ ጎን የሄደ ልጅ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ወላጅ ቶሎ የሚጠይቀው «ብሬስ (ጥርስ የሚያቃናው ሽቦ) መቼ ይታሰርለት?» ብሎ ነው። እኔ ግን መቅደም ያለበት «የተዛነፈው የቱ ነው?» የሚለው ነው እላለሁ። ጥርሱ ነው? መንጋጋው ነው? ወይስ መንጋጋው ደህና ሆኖ ልጁ ሲነክስ ብቻ ወደ ጎን ይሸሻል? ሲያዩት ሁሉም ይመሳሰላል፤ ሕክምናው ግን ለየቅል ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የጥርስ ማቃናት ሕክምና የተደገፈው በጠፍጣፋ የራስ ቅል ራጅ ላይ ነው። ብዙ ጠቅሟል። ለተዛነፈ ፊት ግን አይበቃም። ከጎን ሲነሳ ቀኝና ግራው ይደራረባል፣ ከፊት ሲነሳ ደግሞ ራስ ትንሽ ዞር ካለ ቀጥ ያለው ጠማማ መስሎ ይወጣል።

ኮን ቢም ሲቲ የሚባለው ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስል ይህን ይፈታል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። አገጩ ወደ ግራ ሄዷል እንበል። ምስሉን አዙረው ሲያዩት በቀኝ በኩል፣ ጆሮ አጠገብ ያለው የመንጋጋው ራስ ከግራው በልጦ አድጓል፤ አገጩን ወደ ግራ የገፋው እሱ ነው። ግማሹን ፊት በኮምፒውተር ገልብጠው በሌላው ግማሽ ላይ ሲያስደርቡት ልዩነቱ በሚሊሜትር ይለካል። ቀዶ ጥገና ካስፈለገም አጥንቱ የት እንደሚቆረጥና ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ በዚያው ምስል ላይ አስቀድሞ ይታቀዳል። እድገቱ ቆሟል ወይስ አልቆመም የሚለውን ግን አንድ ምስል ብቻውን አይነግርም፤ በጊዜ ርቀት እያነጻጸሩ መከታተል ይጠይቃል።

ታዲያ ሁሉም ልጅ ይህን ምስል ይነሳ ማለቴ አይደለም። ጨረር አለው፣ ለጨረር ደግሞ ልጆች ከአዋቂ ይልቅ ስስ ናቸው። ሲነክስ ብቻ መንጋጋው የሚሸሽ ልጅ አፉን ከፈት ሲያደርግ አገጩ ወደ መሃል ይመለሳል። ይህን ለማየት የሐኪም ዓይን ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ጠባቡን የላይኛውን መንጋጋ በጊዜ ማስፋት ነው። የፊትን ገጽታ ብቻ ለመከታተል ደግሞ ጨረር የሌለው የካሜራ ስካን አለ።

መንጋጋው ራሱ ሲጣመም ግን ያለ ምስል ብሬስ መጀመር አልቀበልም። ጠማማነቱን ለመሸፈን ጥርስ የሚገፋበት አቅጣጫና ለቀዶ ጥገና ሲዘጋጅ የሚገፋበት አቅጣጫ ተቃራኒ ናቸው። ኋላ ላይ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ከተባለ፣ ያ ሁሉ ጊዜ የፈጀው ጥርስ ወደነበረበት መመለስ አለበት። ስለዚህ ውሳኔው የመጀመሪያው ሽቦ ከመታሰሩ በፊት ይሁን።