ያቺው ጽሑፍ፣ ለስድስተኛ ጊዜ

ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ የዲፓርትመንታችን ቴሌግራም ግሩፕ ጮኸ። «ውድ መምህራን፣ ያሳተማችሁትን የምርምር ጽሑፍ በተያያዘው ፎርማት ሞልታችሁ እስከ ነገ 4፡00 ሰዓት እንድትልኩ። አስቸኳይ!» እኛ ጋ አስቸኳይ ያልሆነ ሪፖርት አይቼ አላውቅም።

ያቺኑ አንዲት ጽሑፌን ለሩብ ዓመት ሞላሁ፣ ለግማሽ ዓመት ሞላሁ፣ ለዘጠኝ ወር ሞላሁ፣ ለዲፓርትመንት ሞላሁ፣ ለኮሌጅ ሞላሁ። ይሄ ስድስተኛዬ ነው። ኤክሴሉ ደግሞ በመጣ ቁጥር መልኩን ስለሚቀይር ካለፈው ገልብጬ ልላክ ብል አይሆንም።

ጽሑፉ እኮ ዲኦአይ የሚባል ቋሚ የኦንላይን መለያ ቁጥር አለው! ያንን ቁጥር ለሚጫን ሰው ርዕሱ፣ የጸሐፊዎቹ ስም፣ ጆርናሉ፣ ቀኑ ቁጭ ይላል። የለም፤ የመጀመሪያው ገጽ ታትሞ፣ ኃላፊው ፈርሞበት፣ ማህተም አርፎበት በሃርድ ኮፒ ይምጣ። መላው ዓለም የሚያየውን ነገር የእኛ ማህተም ካላረፈበት የሚያምነው የለም። ፕሪንተሩ ቶነር ካለቀበት ሰነበተ፤ ከግቢ ውጭ ወጥቼ በራሴ ብር አሳተምኩ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የቀኑ ነገር ነው። ጽሑፉ ኦንላይን የወጣው ነሐሴ 14 ቀን 2016 ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የሚቆጠረው ለ2017 ነው፣ አይደል? የምርምር ቢሮው ባለሙያ ግን «ዶክተር፣ ይሄ እኮ 2016 ይላል፤ የ2016 ተዘግቷል» አለኝ። እሺ ብዬ ጆርናሉ የቅጽ ቁጥር (ቮልዩም) የሰጠበትን ጃንዋሪ 2025 አሳየሁት፤ ጥርም ቢሆን ያው 2017 ነው ብዬ። «ታዲያ የቱ ነው ትክክሉ? ሁለት ቀን ያለው ጽሑፍ አንቀበልም።» ጣት ቆጥሬ አስረዳሁት። ሰሚ የለም። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ሥራ በሁለት የዘመን አቆጣጠር መሃል ወድቆ ቀረ።

ስሙስ? የውጭዎቹ ዳታቤዞች የአባቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው፣ የኔን በአንድ ፊደል አሳጥረው ይመዘግባሉ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፊደል ሳይቆጥር ያለፈ ገበሬ ነበር፤ ዛሬ በየጆርናሉ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ይሄስ ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ግን አንዱ ጆርናል ስሙን በአንድ ቲ፣ ሌላው በሁለት ቲ ስለጻፈው ስኮፐስ በሚባለው የምርምር ጽሑፎች ዳታቤዝ ላይ ሁለት ሰው ሆኛለሁ። ቢሮው ደግሞ «አንዱ ያንተ አይደለም» ይለኛል። ኦርኪድ (ORCID) የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥሬን ሰጠሁት። ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም።

በዚህ ሁሉ መሃል ዓመታዊ ሪፖርቱ ሲቀርብ ምን ባይ ጥሩ ነው? ሦስት ባልደረቦቼ አብረው የጻፉት አንድ ጽሑፍ ሦስት ተብሎ ተቆጥሯል፤ ሦስቱም ታዘው፣ ሦስቱም ሞልተው ስለላኩ። የኔዋ አንዷ የለችም። አዳራሹ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ።

በሉ፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ ልሙላው። አዲሱን ፎርማት ከፈትኩት፤ አንድ አምድ ጨምረውበታል፦ የአያት ስም።