ባነር ያልተሰቀለለት ደብተር

እኛ ድሬዎች በብዙ ነገር እንታማለን። ከምሳ በኋላ ሥራ አይሆንላቸውም ይሉናል፣ የጫቱ ነገር ይነሳል፣ ሌላም ሌላም። የደሃ ልጅ ስለማስተማር ግን ማንም አያማንም። ስንረዳ ያላየን የለማ! እንዲታይ አድርገን ነው የምንረዳው።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት ከሳቢያን እስከ መጋላ ያለው ግቢ ሁሉ ባነር ይለብሳል። «ለአቅመ ደካማ ቤተሰብ ልጆች የትምህርት ቁሳቁስ ድጋፍ ርክክብ ፕሮግራም» ይላል፣ ከሥሩ የለጋሾች ዓርማ፣ ከጎኑ የአስተባባሪዎች ዓርማ፣ ጥጉ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ተጨማሪ ዓርማ። አንዳንዱ ባነር ከጥቁር ሰሌዳው ይሰፋል።

አንድ ባነር ስንት ደብተር ይገዛ ነበር እያሉ የሚያሰሉ ሰዎች አሉ። የባነር ጥቅም አልገባቸውም። ደብተር እኮ ገና ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ባነር ግን ዘመን ይሻገራል። ፕሮግራሙ ሲያበቃ ወይ የዘበኛው ቤት ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ወይ ቀፊራ ወርዶ ቲማቲም ለምትቸረችር እናት ጥላ ይሆናል። ከእርዳታው ሁሉ የተቸገረ ሰው ጋ በትክክል የሚደርሰው እሱ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

አንዱ ርክክብ ላይ ተገኝቼ ነበር፤ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ይቅር። ፕሮግራሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጀመራል ስለተባለ ልጆቹ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ተሰልፈዋል። የክብር እንግዳው አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደረሱ። የድሬን የአራት ሰዓት ፀሐይ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ድንኳኑ ለእንግዶች ነው፣ ወንበሩም፣ ቀዝቃዛው ሃይላንድም። ታዲያስ፣ እንግዳ ክቡር ነው! ልጆቹ የቤት ናቸው።

መድረክ መሪው ማይኩን ነፋ ነፋ አደረገና «እነዚህ የምታዩዋቸው ልጆች ቁርስ ሳይቀምሱ የሚመጡ፣ አባት የሌላቸው፣ እናቶቻቸው የሰው ልብስ እያጠቡ የሚያሳድጓቸው ናቸው» አለ። ድምፁ ግቢውን ሞልቶ አስፋልት ድረስ ተሰማ። የክፍል ጓደኞቻቸውም በመስኮት እያዩ ሰሙ። ቁርስ ሳይቀምሱ የሚመጡ ከተባለ በኋላ ለእንግዶች ቁርስ ቀረበ።

ከዚያ ርክክቡ። አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ተራዋ ደርሶ ደብተርና እስክሪብቶ ተቀበለች። ፎቶ አንሺው ስልክ ላይ ነበር። «ቆይ ቆይ፣ አላገኘሁትም! ማሚ፣ መልሺላቸውና እንደገና ተቀበይ።» መለሰች። እንደገና ተቀበለች። «ፈገግ በይ!» ፈገግ ብላ ይሆናል፣ ደብተሩን ፊቷ ላይ ስለጋረደችው አልታየኝም። «ዝቅ አድርጊው እንጂ፣ ፊትሽን ሸፈንሽው!» ልጅቷ መታየት አለመፈለጓን ለማወቅ ሳይኮሎጂ መማር አያስፈልግም ነበር። ፎቶ አንሺው ግን ለሙያው የቆመ ሰው ነው፣ ዝቅ እስክታደርገው ጠበቃት። ማታ ፌስቡክ ላይ ወጣች።

ስለ ለጋሽ ብቻ አወራሁ እንጂ ትምህርት ቤቶቻችንም በጥበብ አይታሙም። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል በተማሪ ቁጥር እየተሰላ ይላክ የነበረውን ስኩል ግራንት መምህራን ያስታውሱታል። ብዙ ገንዘብ አልነበረም፣ ግን ነበር። ታዲያ ትንሽ ገንዘብ ሲገኝ ብልህ ርዕሰ መምህር ምን ያደርጋል? የግቢውን በር ያስቀባል። በር ከአስፋልት ይታያል፣ በባጃጅ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል፣ ሱፐርቪዥን የመጣም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የሴቶች ሽንት ቤት ደግሞ ያለው ከኋላ ነው። መዝጊያው ከተገነጠለ ቢቆይም ከኋላ ነው። የሰባተኛ ክፍል ልጅ በየወሩ የተወሰኑ ቀናት ብትቀር ከአስፋልት ማን ያያታል?

ማጠናከሪያ ትምህርትም አለን፣ የላችሁም እንዳትሉን። ከሰዓት በኋላ ነው የሚሰጠው። ደከም ያሉት ልጆች ከሰዓት በኋላ ታይዋን ገበያ ማስቲካና ሶፍት ይዘው ስለሚዞሩ፣ ማጠናከሪያውን የሚከታተሉት ቤታቸው አስጠኚ ያላቸው ጎበዞች ናቸው። አቴንዳንሱ ግን ሙሉ ነው፣ ሪፖርቱም ያምራል።

ውጤቱንስ? እ.ኤ.አ. በ2010 አገር ውስጥ በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አቃታቸው። ደብተር ሰጠን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ደብተር ጨመርን።

አሁን የእንግሊዞቹን ስሙና ሳቁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ለደሃ ቤተሰብ ልጆች ብለው ለየትምህርት ቤቱ ተጨማሪ በጀት መስጠት ጀመሩ፣ በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ልጅ 488 ፓውንድ። እሺ፣ ደሃው ማን እንደሆነ በምን ለዩት? በማይክ አላስጠሩም። የትምህርት ቤት ነፃ ምሳ ይገባዋል ተብሎ የተመዘገበውን ከመዝገብ አዩ፣ አለቀ። በኋላም ባለፉት ስድስት ዓመታት አንዴ እንኳ የተመዘገበ ይቆጠር አሉ። ገንዘቡ ትምህርት ቤቱ ጋ ይገባል፣ ልጁ በስሙ ብር እንደመጣ ላያውቅም ይችላል! ምስጋና የለ፣ ጭብጨባ የለ፣ ምን ዓይነት እርዳታ ነው ይሄ? ከሁሉ የገረመኝ ግን ትምህርት ቤቱ ብሩን በምን ላይ እንዳዋለና ምን እንዳመጣ ድረ ገጹ ላይ ማውጣት ግዴታው መሆኑ ነው። ሒሳቡን ያወጣሉ፣ ልጁን ይደብቃሉ። እኛ ልጁን እናወጣለን፣ ሒሳቡን... እሱን ተዉት።

እርግጥ እነሱም መላእክት አይደሉም፤ በጀት ሲያጥር በዚሁ ብር ቀዳዳ የሚደፍኑ ርዕሳነ መምህራን እዚያም አሉ። ብቻ ምን ይጠቅማል ብለው ባስጠኑት ውስጥ ደጋግሞ የመጣው መልስ አሰልቺ ነው። አንደኛ ነገር ጥሩ አስተማሪ። አስተማሪው የልጁን ሥራ አይቶ የት ጋ እንደሳተ ሲነግረው፣ የተቸገሩትን ሦስት አራት አድርጎ ሲያስጠና ለውጥ ይመጣል ይላሉ። እስቲ ይሄ ምን ፎቶ ይወጣዋል? አንድ መምህር አራት ልጆች ይዞ ስለ ክፍልፋይ ሲያስረዳ ማን ላይክ ያደርገዋል? የክብር እንግዳውስ የት ይቀመጡ?

አዲስ አበባም ብትሆን ተሳስታለች። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ምገባ ስትጀምር ያለውም የሌለውም ልጅ አንድ ማዕድ ላይ ቀረበ። የተራበው ከጠገበው አይለይማ! ካልተለየ ማንን እናሳዝን፣ ማንስ ያመስግነን?

እዚሁ እኛ ጋም አንዲት መምህርት አለች፣ አቦ እሷ ደግሞ የባሰች። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሳምቡሳ ከምትጠብሰው ሴት ጋር ተስማምታ ሁለት ልጆች በየጠዋቱ እንዲበሉ ታደርጋለች፣ ደሞዝ ሲወጣ ሒሳቡን ትዘጋለች። ልጆቹ ሳምቡሳ ሻጯ ስለወደደቻቸው ይመስላቸዋል። ስንት ወር ሙሉ እንዲህ ስታደርግ አንድ ፎቶ የላትም፣ አንድ የምስክር ወረቀት አልተሰጣትም። አቅም ማለት እንዲህ ሲባክን ነው! ለነገሩ እኔም ያወቅሁት ከሳምቡሳ ሻጯ ነው፣ እሷም አደራ ብላ ነው የነገረችኝ፣ አደራውን በላሁ።

የእኛ አሠራር ግን ፍሬ አፍርቷል፣ ይሄን መካድ ነውር ነው። ምዝገባ ላይ አንዲት እናት «ልጅሽን የሚረዱት ዝርዝር ውስጥ እናስገባት?» ተብላ ስትጠየቅ «ወላሂ ተዉኝ» አለች። «ደብተሩን በዱቤም ቢሆን እገዛለሁ። ባለፈው ፎቶ ከተነሳች ጀምሮ ‘እርዳታ’ ነው የሚሏት፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ስንት ቀን አልቅሳብኛለች።» ከኋላዋ የተሰለፉት እናቶችም ሰምተው ስማቸውን ሳያስጽፉ ሄዱ። ዝርዝሩ አጠረ። እኛም «በተሠራው ሰፊ ሥራ የድጋፍ ፈላጊ ተማሪዎች ቁጥር ካምናው ሊቀንስ ችሏል» ብለን ሪፖርት አቀረብን። ተጨበጨበልን።